ሳንባው ይቀቀል

ባሌ፣ አጋርፋ ውስጥ «ውሻ አለኝ» ማለትና «ውሻ እወዳለሁ» ማለት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን የሚናገር ሰው ንብረቱን እየቆጠረ ነው፤ በሬ አለኝ፣ ፈረስ አለኝ፣ ውሻ አለኝ። ሁለተኛውን የሚናገር ግን የቡና ጨዋታ ያቋርጣል። ስኒ ይቀመጣል፣ ጉሮሮ ይጠረጋል፣ በመጨረሻም አንድ ትልቅ ሰው በሐዘኔታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው «ልጅ አልወለድክም እንዴ?» ይላሉ። ወልጃለሁ። እንዲያውም ከሁሉ አብልጠው የሚስቁብኝ ልጆቼ ናቸው።

ውሻዬ ቦቢ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ አትሳቁ፤ እናንተም ብትሆኑ ከቦቢ፣ ከጃክና ከሬክስ አታልፉም። ለልጃችን ስም ለማውጣት አያት የምናማክር፣ ዳዊት የምንገልጥ፣ ሼኽ የምንጠይቅ ሰዎች ውሻው ዘንድ ስንደርስ አንድ የማናውቀውን ፈረንጅ ሞክሼ አድርገንለት እንገላገላለን። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት ማድረሻ ነበር። በጎረቤቱ የተቀየመ ሰው ውሻውን «ምን አገባህ» ብሎ ይሰይመዋል፤ ከዚያ ማታ ማታ አጥሩ ሥር ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራዋል። ውሻው ይመጣል፣ ጎረቤትም ይሰማል፣ ዳኛም ዘንድ የሚያደርስ ነገር የለም። የእኛ አካባቢ ኦሮሞ ገበሬ ደግሞ ነገር አያበዛም፤ ጥቁሩን ጉራቻ፣ ዳለቻውን ዳለቻ፣ ዝንጉርጉሩን ቡሬ ይለውና ወደ ሥራው ይሄዳል።

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ቺዋዋ ውሻ እንደነበራቸው የዘመኑ ፎቶግራፎች ያስረዳሉ። ሉሉ በክብር ከእግራቸው ሥር ይቀመጥ ነበር። ጅብ አባረረ ሲባል ግን አልሰማሁም። የባሌ ውሻ እንዲህ ዓይነት ኑሮ አያውቅም። ከብት እየነዳ የሚውልም አይደለም፤ እሱ የፊልም ውሻ ነው። የእኛው ቀን ሙሉ አመድ ላይ ተጋድሞ ያንቀላፋና ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ይገባል። ቀጣሪው በወረቀት ገበሬው ቢሆንም በተግባር ጅብ ነው። ጅብ ባይኖር ኖሮ የደጋው ውሻ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሥራ አጥ ይሆን ነበር።

ቤት ውስጥ መግባት የሚባል ነገር ደግሞ የለም። የሰፈሬ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ እንዴት እንደሚታጠብ ሕግ አለው። እኛ ክርስቲያኖቹም ብንሆን ውሻ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገባ ዝም ብለን አናይም። በብዙ ነገር የሚለያዩት ሁለቱ ሃይማኖቶች «ውሻ በደጅ» በሚለው ላይ አንድ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ለውሻ የምሕረት ቦታ አልነፈጉትም። በእስልምና ዋሻ ውስጥ የተኙትን ወጣቶች ደጃፍ የጠበቀ ውሻ አለ፤ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለትም ይነገራል። በወንጌልም ባለጠጋው ፊቱን ያዞረበትን የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው።

ጎረቤቴ ሐጂ ይህን የጫማ ታሪክ የነገሩኝ አጥራችን ላይ ተደግፈው ነው። ሐጂ ቦቢን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም፤ ወደፊትም አይነኩትም። ውዱእ ካደረጉ በኋላ ቦቢ በመንገዳቸው ከመጣ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ «ዞር በል አንተ ልጅ» ብለው፣ በሰፊው ዞረው ያልፋሉ። ሆኖም በበጋ ከአጥሩ ሥር ያለችውን ስባሪ ገንቦ በየጠዋቱ በውኃ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶቼ ደግሞ ቦቢን አቅፈው ፎቶ ይነሣሉ፣ «ውይ ሲያሳዝን!» ይላሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ይሄዳሉ። ከሁለቱ ማን ነው ውሻ ወዳጅ ብትሉኝ ያለ ማመንታት ሐጂን እላችኋለሁ። መዳበስ ከፍቅር ሁሉ ርካሹ ነው። ውሻ የሚወደደው በድስት፣ በገመድ፣ በመርፌና በዘንቢል ነው።

ከድስቱ እንጀምር። ሥጋ ቤት ሄጄ ሳንባ ስጠይቅ ባለቤቱ «ለቦቢ ነው፣ መምህር?» ይለኛል። ሳንባ የውሻ ድርሻ መሆኑ በአገራችን ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ብዙ ነው፣ ሰው አይሻማበትም። ችግሩ ግን እዚያው ሳንባ ውስጥ ነው። የበግና የከብት ሳንባ ወይም ጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል። ሐኪሞቹ የሃይዳቲድ ከረጢት ይሉታል። ውስጡ ያለው የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል ዘር ነው። ውሻው ያንን ከረጢት ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ይራባል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በፀጉሩም ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። ከዚያ በኋላ ከረጢቱ የሚያድገው በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ነው፤ ያውም ዓመታት ወስዶ፣ ምንም ሳያሳውቅ። የሚወጣው ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው።

መድኃኒቱ ለማመን እስኪቸግር ቀላል ነው፤ ሳንባው ይቀቀል። ከረጢት የታየበት ደግሞ እንዲያው ለውሻ አይወርወር፤ ይቃጠል ወይም ጠልቆ ይቀበር። በየጊዜው የትል መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል የሚሉትን፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት መግዛት ነው። ይህን ሁሉ አብራርቼ ቤቴ ውስጥ ሕግ ሳወጣ ሚስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝና፣ «ገባኝ፤ አንተ ጥሬ ሥጋ ትበላለህ፣ ውሻህ የተቀቀለ ይበላል» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም። እኛ ቁርጥ በልተን፣ ኮሶ ታይቶብን፣ ከዚያ የኮሶ አበባ ወቅጠን የምንጠጣ ሕዝብ ነን። የኮሶ ዛፍ ደግሞ ዲንሾ አፋፍ ላይ እንደ ልብ ነው፤ ተፈጥሮ በሽታውን በሥጋ ቤት፣ መድኃኒቱን በተራራው ላይ ያስቀመጠችልን ይመስል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ለውሻው ሳንባ ሲቀቅል ቢያስቅም አይፈረድም። ከሁሉ የሚከፋው መቀቀያው ሰዓት ነው። ሽታው ወጥቶ ሰፈሩን ሲያዳርስ አላፊ አግዳሚው ዛሬ እዚህ ቤት ድግስ አለ ብሎ ሰላምታ ያበዛል። አንድ ዕለት የመጣ እንግዳማ ድስቱን በዓይኑ እየተከተለ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጦ፣ ለማን እንደተሠራ ሲያውቅ ሳይሰናበት ሄደ።

በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው በበዓል ነው። ለአረፋ በየግቢው በግ ይታረዳል፤ ለመስቀል ሠንጋ ይጣላል። በዚያ ቀን የባሌ ውሻ ንጉሥ ነው፤ ሳንባው፣ ጣፊያው፣ ሆድ ዕቃው ከዚህም ከዚያም ይወረወርለታል። ቄራ ቢሆን መርማሪ አለ፤ በግቢ እርድ ግን መርማሪው እኛው ነን። ቢላዋ የያዘው ሰው ዓይኑን ሥጋው ላይ ብቻ ሳይሆን ሳንባው ላይም ያሳርፍ።

ትርፍራፊም ቢሆን ሁሉም ትርፍራፊ አይደለም። ወጥ የነካው እንጀራ ለውሻ መስጠት ልማዳችን ነው፤ ወጥ ማለት ግን ሽንኩርት ማለት ነው። ቀይም ይሁን ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ባሌ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በኩንታል የሚሸጥበት አገር ነው። የዶሮ አጥንት ሌላው ጣጣ ነው፤ ሲቀቀል ይደርቅና ሲሰበር እየሾለ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የፋሲካ ማግስት ውሻው ቢያስልባችሁ መንስኤውን ከድስቱ ፈልጉ እንጂ ጎረቤት አትጠርጥሩ።

«ታዲያ ምን ይብላ?» ትሉኛላችሁ። ገብስ ይብላ! ባሌ ላይ ተቀምጦ ምን ይብላ ብሎ መጨነቅ ዓባይ ዳር ቆሞ ውኃ እንደመጠየቅ ነው። አባቶቻችን «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ይሉ ነበር። በጣም ያገባታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የስዊድን ሳይንቲስቶች ጥናት ውሻን ከተኩላ ዘመዶቹ ከለዩት ነገሮች አንዱ እህል የመፍጨት ችሎታው መሆኑን አሳይቷል፤ ከሰው ጋር ሲኖር ከሰው ገበታ የሚወድቀውን ስታርች የሚሰባብሩ ዘረ መሎች በዝተውለታል። ማለትም ውሻ ውሻ የሆነችው እርሻ ስለገባት ነው። የገብስ ቅንጬ፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ፣ ከተቀቀለ ሳንባ ጋር ተደባልቆ፤ ቦቢ የሚኖረው በዚህ ነው። ሮቤ አጠገብ ያለው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል የስንዴና የገብስ ዝርያ ሲያወጣ ቦቢን አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ተጠቃሚነቱ ግን አይካድም።

ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ደነገጠ። የእሱ ውሻ ከረጢቱ ላይ ሥዕሉ የታተመለትን ምግብ ይበላል፣ ጥርሱን ሐኪም ያየዋል፣ የጤና መድን አለው፣ ልደቱ ይከበርለታል። «ብር ልላክልህና ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት የውሻ ምግብ አስመጣለት» አለኝ። ብሩን ተቀበልኩ፤ ዘመድ የላከው አይመለስም። ግን አሰብኩት፤ የስንዴ አገር ተብሎ የሚጠራ ደጋ ላይ ተቀምጬ፣ ባሕር ተሻግሮ በዶላር የመጣ እህል፣ ጂቡቲን አልፎ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ ሻሸመኔንና ዶዶላን አልፎ አጋርፋ ሊገባ! ከበስተጓሮዬ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ቢሰማ ምን ይለኛል? ብሩ ቦቢን ለማስከተብ፣ ቀሪውም ከሴት ጎረቤቴ ገብስ ለመግዛት ዋለ። ገብሱን አበጥራ፣ ሸክሽካ ነው የሰጠችኝ። «ለማን ነው?» ስትል «ለቤት» አልኳት፤ ውሸት የለበትም።

ከአካባቢው ሰው መግዛት የሚለው መርሔ ሁልጊዜ እንዲህ ቀና አይሄድም። የውሻ አንገት ማሰሪያ ከከተማ የሚመጣው ፕላስቲክ ነው፤ ቀለሙ ያምራል፣ በክረምት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቆዳ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ሄጄ ጥሩ የጠፍር ማሰሪያ አሠራሁ። በሬ የሚጠምድ፣ አልጋ የሚወጠርበት ጠንካራ ጠፍር። ሠሪው በሥራው ኮርቶ «ይሄ ከውሻው ዕድሜ ይበልጣል» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ውሻው ባይበላው ኖሮ። ቦቢ ማሰሪያውን እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ቋንጣ ነበር ያየው። ጠዋት ስነሣ አንገቱ ባዶ፣ ፊቱ የጠገበ ነበር። አሁን ከቃጫ ገማጅ የተገዛ ወፍራም ገመድ ያስራል። ጠፍር ሠሪው እስከ ዛሬ «ማሰሪያው እንዴት ነው?» ሲለኝ «ተወዶለታል» እለዋለሁ።

ወደ ዘንቢሉ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። አንድ ሰው ውሻ እወዳለሁ እያለ ምን ይገዛል? ከሰል የሚሸጡ አንዲት እናት ፊት ቆሜ «አዴ፣ ከሰሉ ከየት ነው የመጣው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ከእንጨት ነው፣ መምህር» አሉኝ። በዙሪያው የነበረው ገበያተኛ ሳቀብኝ። እኔ ማወቅ የፈለግኩት እንጨቱን ነበር። ሰው በጓሮው ተክሎ የቆረጠው ባሕር ዛፍ ነው? ወይስ ከላይ ከአፋፉ የወረደ አስታ፣ ጽድና ኮሶ? ባሕር ዛፉ የባለቤቱ ሀብት ነው፤ ይቆረጣል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። አስታው ግን የተራራው ልብስ ነው፤ ከቆረጡት ለመመለስ ረጅም ዘመን ይፈልጋል፤ ሥሩ የያዘው አፈርና ያቆረው ጤዛ የወይብን ወንዝ የሚመግብ ነው። ወይብ ደግሞ በዲንሾ፣ በአጋርፋ በኩል ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚገባ ወንዛችን ነው። አዴ መልሰው «አንተ ባሕር ዛፍ ከፈለግህ የባሕር ዛፍ ዋጋ ክፈል» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የሥነ ምግባር ትምህርት ከየትም አላገኘሁም።

ዋጋው ላይ ነው የምንጋለጠው። ሱፐርማርኬት ገብተን የተለጠፈውን ዋጋ ያለ አንድ ቃል የምንከፍል ሰዎች፣ ማሯን በጀርባዋ ተሸክማ ከሐረና የመጣች ሴት ፊት ስንቆም ጠበቃ እንሆናለን። «ሰም በዛበት፣ ጨምሪ፣ ቀንሺ፣ ባለፈው እንዲህ አልነበረም።» ካሸነፍናት በኋላ ደግሞ ቤት ገብተን ስለ ደን መመናመን በሐዘን እናወራለን። የሐረናን ደን ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ እኮ ይኸው ማር ነው፤ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ለባለቤቱ ቆሞ ይከፍለዋል። ቡናውም እንዲሁ ነው። ሐረና ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ከጣሊያን የተነሣው ስሎው ፉድ የተባለ ንቅናቄ ሳይቀር ይህን የዱር ቡና ከሚጠበቁ የዓለም ምግቦች መዝገብ አስገብቶታል። ጥላው ከሌለ ቡናው የለም። የቡናውን ዋጋ የሚያዋርድ ሰው መጥረቢያ መያዝ አያስፈልገውም።

«ይህ ሁሉ ከውሻ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ካለ ትክክለኛው ቦታ ደርሷል። ደኑ ሲሳሳና እርሻው ሲጠብ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ሰው ሲወጣ ከብቱ ይወጣል፤ ከብቱ ሲወጣ ውሻው ይወጣል፤ ውሻው ሲወጣ በሽታው ይወጣል። ላይ ደግሞ ሌላ ባለቤት አለ።

ሳነቲ አምባ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ግድም፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር በሚደርስበት ብርድ ውስጥ፣ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ፈረንጆቹ የኢትዮጵያ ተኩላ ይሉታል፤ የእኛ ኦሮሞዎች ጄደላ ፈርዳ። በመላው ዓለም የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከእነሱም ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ውስጥ ናቸው። ምግቡ አይጥና በዓለም ላይ ከባሌ በቀር የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነው። ፍልፈሉ አንገቱን ከጉድጓድ እስኪያወጣ ድረስ ሰውነቱን አሳንሶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ሲጠብቅ ያየ ሰው ትዕግሥትን ከሌላ መምህር አይማርም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ዓለም ቅርሴ ባለው ምድር የሚኖረው ቀበሮ ታዲያ ከጥይት ይልቅ የሚፈራው የእኔና የእናንተን ቦቢ ነው።

ይህ የወቀሳ ቀልድ አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። ከመንደር ውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የባሌን ቀበሮዎች ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ወይብ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ እጁን ገደለ፤ ወረርሽኙ የቆመው የተረፉት ጎረቤት ቀበሮዎች አንድ በአንድ ተይዘው ከተከተቡ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ተከተለ። በዚያ ላይ ወንድ ውሾቻችን ከሴት ቀበሮዎች ጋር እየተዳቀሉ የሁለት ዓለም ቡችሎች ያስወለዱበት ጊዜ ነበር። ቦቢ ጋብቻ እንዳይመሠርት መምከር ከባድ ነው፤ ማስኮላሸት ይቀላል።

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራ፣ ዲንሾ ላይ የከተመ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም አለ። ሥራው ቀበሮ መጠበቅ ነው፤ ከሥራው ከባዱ ክፍል ግን ውሻ መከተብ ነው። ከታቢዎቹ መኪና በማይደርስበት መንደር ሁሉ በፈረስ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ ክትባቱ በጉርሻ መልክ ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ሌሊት ይጣልላቸዋል። ተጋብዞ የሚከተብ እንስሳ ባሌ ውስጥ ቀበሮው ብቻ ነው።

ውሻው ግን እየተጎተተ ነው። ዲንሾ ዙሪያ አንድ መንደር የክትባት ቀን ላይ ደርሼ አይቻለሁ። ሌሊቱን ጅብ ሲያስጨንቅ ያደረ ጀግና መርፌ ሲያይ የባለቤቱ ጋቢ ሥር ይገባል። የአምስት ዓመት ልጅ ከራሱ የሚበልጥ ውሻ በገመድ ይጎትታል፤ ማን ማንን እንዳመጣው አይለይም። ትልልቆቹ ሰዎች ደግሞ ከሩቅ ቆመው «ያዘው! አንገቱን! አንገቱን!» እያሉ ያግዛሉ። መዝጋቢው በማያልቅ ትዕግሥት ስም ይጠይቃል፤ «ጉራቻ።» ቀጥሎ፤ «ጉራቻ።» ቀጥሎ፤ «ጉራቻ።» አራተኛው ውሻ ነጭ ነበር፤ መዝጋቢው ተስፋ አድርጎ ቀና አለ። «የእሱስ ስም?» ልጁ ኮራ ብሎ፣ «ቦቢ» አለ።

እንግዲህ ይህ መርፌ ለቀበሮ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። የለም፣ ለልጁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ውስጥ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎችም 99 በመቶ የሚደርሱት በውሻ በኩል ናቸው። ከአሥር ሟቾች አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ከሳምንት በኋላ መራወጥ አይጠቅምም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ይሂድ። በዕድሜ የገፋነው ሰዎች ከእንስሳ አንጎል የሚሠራውን፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን የድሮውን መርፌ እያስታወስን እንፈራለን፤ አዲሱ ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ጸበሉንም ጠጡ፣ ዱዓውንም አስደርጉ፤ መርፌው ግን ይቅደም።

ሌላው የቆየ ልማድ መርዝ ነው። ውሻ በዛ በተባለ ቁጥር በከተሞቻችን መርዝ ያለበት ሥጋ በሌሊት ሲጣል ኖሯል። ጠዋት መንገድ ላይ የሚገኘው ውሻ ብቻ አይደለም፤ ጅቡም፣ ጥንብ አንሣውም አብረው ናቸው። ውሾቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ ይተካሉ፤ ቦታውና ቆሻሻው እስካለ ድረስ ከሌላ ሰፈር ይመጣሉ፣ ያውም ሳይከተቡ። ከአሥር ውሾች ሰባቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል፤ ይህን ስሌት ከብዙ አገር ተሞክሮ እናውቀዋለን። የተከተበን ውሻ መግደል ጥበቃ ላይ ባለ ዘብ ላይ መተኮስ ነው።

ስለዚህ ከእኔ ጋር ውሻ እንድትወዱ አልለምናችሁም። አትዳብሱት፣ ቤት አታስገቡት፣ ስሙንም ያሻችሁን በሉት። ብቻ የክትባት ቡድን ወደ ሰፈራችሁ ሲመጣ ገመዱን ይዛችሁ ውጡ፤ ካልመጣ የወረዳችሁን እንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀንን የሚያስበው በመስከረም 18፣ በመስቀል ማግስት ነው፤ ያን ዕለት ከሠንጋው ሥጋ የተረፈ ጉልበት ካላችሁ ለዚህ አውሉት። ከብት ይዛችሁ ወደ ላይ ስትወጡ ውሻው ቤት ይቅር፤ ቤት ጠባቂ እንጂ ተራራ ወጪ አይደለም። ገበያ ስትሄዱ ከሰሉ ከምን እንጨት እንደሆነ ጠይቁ፣ የማሯን ሴት ዋጋ ክፈሏት። ሳንባውንም ቀቅሉ። እንግዳ መጥቶ ሽታው ካጓጓው ቅንጬ አቅርቡለት፤ ገብሱ ለሁላችሁም ይበቃል።